ኢ-ለርኒንግ በሙያ ኮሌጆች፦ ማን ጋ ደረሰ፣ ማን ጋ ቀረ? የጥናት አሠራር ከደብዳቤ እስከ ሪፖርት

የኢ-ለርኒንግ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በጎግል ፎርም ነው። ሊንኩ በዲፓርትመንቱ የቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቃል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ መልስ ይጎርፋል፣ አብዛኛው መላሽም «እጠቀማለሁ፣ ጥሩ ነው» ይላል። ጥናቱ ግን ገና ከመነሻው ተበላሽቷል። ስማርት ስልክ የሌላት፣ ዳታ ያለቀባት ወይም ግሩፑ ውስጥ ያልገባች ሠልጣኝ ሊንኩን አላየችውም፤ ማወቅ የተፈለገው ደግሞ የእሷ ሁኔታ ነበር። ስለዚህ መነሻው የተጠቃሚዎች ዝርዝር ሳይሆን የሬጅስትራር መዝገብ ይሁን፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው የትኛው በር ላይ እንደቀረ ይቆጠር። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚከተለው ከዚህ ነው።

መመሪያው በአዲስ አበባ ከሜክሲኮና ልደታ እስከ ፒያሳና አራት ኪሎ ባሉ የመንግሥትም የግልም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለሚያጠኑ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ ለተቋም የውስጥ ግምገማ ያገለግላል።

«አጠቃቀም» ምን እንደሆነ መወሰን

«ኢ-ለርኒንግ ይጠቀማሉ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስገኝም። ለአንዱ ሠልጣኝ ሙድል (የኮሌጁ የኦንላይን ማስተማሪያ ሥርዓት) ነው፤ ለሌላው አሠልጣኙ በቴሌግራም የሚለቀው ፒዲኤፍ፤ ለሦስተኛው ዩቲዩብ ላይ ያየው የሞተር አፈታት፤ ለአራተኛዋ ከጓደኛዋ በዜንደር (ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፍ መተግበሪያ) የወሰደችው ቪዲዮ። አራቱን ለየብቻ ይጠይቁ። ኮሌጁ «ተጠቃሚ የለም» ብሎ ተስፋ የቆረጠበት ዲፓርትመንት ከስልክ ወደ ስልክ በሚዞር ፋይል በርትቶ እየተማረ ሊሆን ይችላል።

ለኮሌጁ ሥርዓት ደግሞ አምስት በሮችን ያስቀምጡ፦

1. ሠልጣኙ በመዝገብ አለ።
2. መለያ ስምና የይለፍ ቃል ደርሶታል።
3. ቢያንስ አንድ ጊዜ ገብቷል።
4. ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ሳምንታት ተመልሶ ገብቷል።
5. ቢያንስ አንድ ሞጁል ጨርሷል።

በዩኒቨርሲቲ አማካሪዎች ዘንድ የተለመዱት የ1989ኙ የቴክኖሎጂ ቅበላ ሞዴል እና የ2003ቱ ዩታውት (ሰው ቴክኖሎጂን ለምን እንደሚቀበል የሚያስረዳ ሌላ ሞዴል፤ ሁለቱም ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር) ጠቃሚ ናቸው፤ በዋናነት የሚያስረዱት ግን ሰው ለመጠቀም ያለውን ሐሳብና ከሐሳቡ ጀርባ ያለውን ምክንያት ነው። ሐሳብ ያለው ሰው ዳታ ላይኖረው ይችላል። ሞዴሉን ከወሰዱ፣ በዩታውት ውስጥ «አመቺ ሁኔታዎች» የሚለውን ክፍል ያስፉት፦ መብራት፣ የስልክ ባለቤትነት፣ የላብ ክፍት ሰዓት፣ ሲቸገሩ የሚጠይቁት ሰው። የመሀል ከተማው ጉዳይ በብዛት ያለው እዚያ ነው።

ደብዳቤና ፈቃድ

የሙያ ሥልጠና ዘርፉ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በፌዴራል ደረጃ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ነው፤ በከተማዋም የሥራና ክህሎት ቢሮ አለ። ከዚያ በፊት የተጻፉ ጥናቶችንና ደብዳቤዎችን እንደ ናሙና ሲጠቀሙ የመሥሪያ ቤቱ ስም የተለየ ስለሚሆን እንዳለ አይገልብጡ።

ከተቋምዎ የትብብር ደብዳቤ ያውጡ፤ የሚጠይቁትንም በስም ይዘርዝሩበት፦ የሠልጣኞች ዝርዝር፣ የሥርዓቱ ሎግ (ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግበው ፋይል)፣ ላብ ውስጥ የመታዘብ ፈቃድ። «አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው» ብቻ የሚል ደብዳቤ ዲኑ ጋ ያልፋል፣ ሬጅስትራር ጋ ይቆማል። ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። አንዱን ለሪከርድ ሰጥተው በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስጽፉ፤ ደብዳቤው ለማን እንደተመራ የሚከታተሉት በዚያ ቁጥር ነው። በግል ኮሌጅ መንገዱ አጭር ነው፤ ያም ሆኖ የዲኑ ፊርማ ያለበት ፈቃድ ያስፈልጋል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሠልጣኞችን ስምና ስልክ ከወሰዱ ለምን ዓላማ እንደወሰዱ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ በስምምነት ቅጹ ላይ ይጻፉ። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሠልጣኝ ከራሱ ፈቃድ በተጨማሪ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስምምነት ይያዝ።

መዝገብና ናሙና

ሬጅስትራሩን ሲጠይቁ የሚፈልጉት የዛሬውን ዝርዝር ሳይሆን በዓመቱ መጀመሪያ የተመዘገቡትን ነው። ያቋረጡት ሠልጣኞች ከዛሬው ዝርዝር ተሰርዘዋል፤ ከኢ-ለርኒንጉ የቀሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእነሱ መካከል ናቸው። ዝርዝሩ ላይ ጾታ፣ ዲፓርትመንት፣ ደረጃ (ከ1 እስከ 5)፣ የቀን፣ የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር እና ስልክ ይኑር። አድራሻውን እንዳለ አይመኑት። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ የፒያሳና አካባቢው ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውሯል፤ መዝገቡ ላይ «አራዳ» የተባለ ሠልጣኝ ዛሬ ሁለት ታክሲ ይዞ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። የመጓጓዣ ሰዓቱ ማታ ላይ ለማጥናት የሚቀረውን ጊዜ ስለሚወስን አሁን የሚኖርበትን ሰፈርና የመንገዱን ደቂቃ ራሱን ይጠይቁት።

ናሙናውን በያማኔ ቀመር ካሰሉ 1200 ሠልጣኝ ላለው ኮሌጅ፣ በ5 በመቶ ስህተት፦ 1200 ÷ (1 + 1200 × 0.05 × 0.05) = 300። ይህ ቁጥር ለኮሌጁ በጠቅላላው ይበቃል እንጂ ለእያንዳንዱ ቡድን አይበቃም። ከ300ዎቹ ውስጥ የማታ ሠልጣኞች 60 ብቻ ከሆኑ ስለ እነሱ የሚሰጡት መቶኛ ወደ 13 ነጥብ ገደማ ወዲህ ወዲያ ይላል። ስለ ማታው መርሐ ግብር መናገር የሚፈልጉ ከሆነ ከዚያ ብዙ ይውሰዱ፤ በትንተና ጊዜ ክብደት ሰጥተው ያስተካክሉታል።

ዝርዝሩን በዲፓርትመንትና በመርሐ ግብር ከፍለው በየአራተኛው ሰው ይምረጡ፤ መነሻውን ከ1 እስከ 4 ካሉት በዕጣ ያውጡ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፈተና የትብብር ሥልጠና ነው። በዘርፉ አሠራር ከሥልጠናው ትልቁ ድርሻ በድርጅት ውስጥ በተግባር እንዲሰጥ ስለሚታሰብ፣ የመረጡት የአውቶሞቲቭ ሠልጣኝ ክፍል ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ያለው ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሰብሳቢው እዚያ ይሂድ፣ በምሳ ሰዓት ከ6:30 እስከ 7:30፣ አለቃውን አስፈቅዶ። ዓርብ ከሆነ የጁምዓ ሰዓትን ያስቡ። «አልተገኘም» ብሎ በአጠገብ ያለውን ሰው መተካት ክልክል ይሁን። በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ይደወል፤ ከሦስቱ አንዱ ምሽት፣ አንዱ እሑድ ይሁን። ከዚያም ካልተገኘ «ያልተገኘ» ተብሎ ይመዝገብ። ስንት እንዳልተገኘ ራሱ ውጤት ነው።

አራት ሰብሳቢ በቀን ስድስት ስድስት ሰው ካነጋገረ 300 ሰው 13 የሥራ ቀን ይፈጃል፤ ላልተገኙት አምስት ቀን ይጨምሩ። ወቅቱን ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ውስጥ ቢያደርጉት ይመረጣል። መስከረም ምዝገባ ነው፤ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና የሠልጣኙንም የአሠልጣኙንም ሐሳብ ይወስደዋል።

መጠይቁ

ፊት ለፊት፣ በኮቦ ቱልቦክስ ወይም በኦዲኬ ይሰብስቡ፤ ሁለቱም የመጠይቅ መተግበሪያዎች ያለ ኔትወርክ ሞልተው ኔትወርክ ሲገኝ ይልካሉ። ከ40 ጥያቄ፣ ከ25 ደቂቃ አይለፍ። በ«እርስዎ» ይጻፉት፤ ጾታ ሳይለይ ለሁሉም ይሆናል፣ አክብሮቱም አይጎድልም።

እዚህ ላይ ይሉኝታ ዋናው ጠላት ነው። ኮሌጁ ያመጣውን ነገር በኮሌጁ ግቢ ውስጥ «አይረባም» የሚል ሠልጣኝ ጥቂት ነው። «ሥርዓቱ ምን ያህል ጠቃሚ ነው?» ቢባል «በጣም ጥሩ ነው» ይላል፤ አንድም ቀን ያልገባበት ሠልጣኝ ሳይቀር። ስለዚህ ከአስተያየት ይልቅ ድርጊት ይጠይቁ፦ «ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ስንት ቀን ገቡ?»፣ «ለመጨረሻ ጊዜ የከፈቱት ፋይል ምን ነበር?»፣ «የገቡበት ስልክ የማን ነው?»፣ «ለመጨረሻ ጊዜ ዳታ ሲያልቅብዎ ምን አደረጉ?»። የስልኩ ጥያቄ ሦስት መልስ ይኑረው፦ የራሴ፣ የጋራ፣ የተዋስኩት። የቤተሰብ ስልክ የምትጠቀም ሠልጣኝ ስልኩን የምታገኘው የቤት ውስጥ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ከሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነም ይጠየቅ።

ከሙሉው ሥራ በፊት ከ5 እስከ 8 ሰው ጋር ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደተረዱት ያስነግሯቸው፤ ቀጥሎ በናሙናው ውስጥ በሌለ ኮሌጅ በ25 ሰው ይሞክሩት። የደረጃ መለኪያ ጥያቄዎች (ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም») ካሉ የክሮንባክ አልፋ (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚለካ ቁጥር) ከ0.7 በታች ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትርጉሙ ነው። ከእንግሊዝኛ የመጣ አሉታዊ ዓረፍተ ነገር («… አይመስለኝም ብዬ አላምንም») አማርኛ ላይ ሲደርስ ግማሹ ሰው በተቃራኒው ይመልሰዋል።

አካል ጉዳት፦ ቃሉን ሳይጠሩ መጠየቅ

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 24 የሙያ ሥልጠናንም ይጨምራል። ሆኖም «አካል ጉዳት አለብዎት?» ብለው ቢጠይቁ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ይላል፤ የሚያፍርም አለ፣ ጆሮው ደክሞበት ራሱን እንደ አካል ጉዳተኛ የማይቆጥርም አለ። የዋሽንግተን ግሩፕ አጭር ስድስት ጥያቄዎች የተዘጋጁት ለዚህ ነው። ስድስቱ ዘርፎች ማየት፣ መስማት፣ መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት፣ ማስታወስ ወይም ልብ ማለት፣ ራስን መንከባከብ እና መግባባት ናቸው። አጠያየቁ ይህን ይመስላል፦ «መነጽር ቢያደርጉም እንኳ ለማየት ይቸገራሉ?» መልሱም ከአራት አንዱ ነው፦ አልቸገርም፣ በመጠኑ እቸገራለሁ፣ በጣም እቸገራለሁ፣ ጨርሶ አልችልም። ቢያንስ በአንዱ ዘርፍ «በጣም» ወይም «ጨርሶ» ያለ ሰው ይቆጠራል። «በመጠኑ» ያሉትን አብሮ መደመር የተለመደ ስህተት ነው፤ ቁጥሩን ከሌሎች ጥናቶች ጋር እንዳይወዳደር ያደርገዋል። ስድስቱን በመጠይቁ መሀል፣ ከጤናና ከመንገድ ጥያቄዎች አጠገብ ያድርጓቸው፤ «አካል ጉዳት» የሚል ርዕስ አይስጧቸው።

ከ300 ናሙና የሚወጡት ጥቂት ስለሚሆኑ በናሙናው ብቻ አይወሰኑ። ኮሌጁ የሚያውቃቸውን አካል ጉዳተኛ ሠልጣኞች በሙሉ ያነጋግሩ፤ እነሱም ሌሎችን ይጠቁሙ። ይህ ቡድን ከናሙናው ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ይቀርባል። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከቀናት በፊት ይቅጠሩ፤ የክፍል ጓደኛ አያስተርጉም፣ ስለ ክፍሉ የሚባለውን ሁሉ ይሰማልና።

ስልኩን ይዞ የሚሠራ የ10 ደቂቃ ሙከራ

ከጠቅላላው ሥራ አንድ ነገር ብቻ ለመሥራት ጊዜ ቢኖር ይህን እንመርጣለን። ከናሙናው 30 ሠልጣኝ ይምረጡ፤ ግማሾቹ ገብተው የማያውቁ ይሁኑ። በራሳቸው (ወይም በሚዋሱት) ስልክ አምስት ነገር እንዲያደርጉ ይጠይቁ፦ ይግቡ፣ ሞጁሉን ያግኙ፣ አንድ ፋይል ያውርዱ፣ አንድ ጥያቄ ይመልሱ፣ ይላኩ። ሰብሳቢው ዝም ብሎ ያያል፤ በሞባይል ሰዓት ይይዛል፤ ከመጀመሩ በፊትና ከጨረሰ በኋላ በሴቲንጉ ውስጥ ያለውን የዳታ ፍጆታ ያነባል፤ የቀረውን የስልክ ቦታና የአንድሮይድ ስሪት ይጽፋል።

ብዙው ሰው የሚቆመው መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። መለያ ስሙ የተሠራው ሬጅስትራሩ የሠልጣኟን ስም በእንግሊዝኛ በጻፈበት አጻጻፍ ነው። «ፀሐይነሽ» በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጻፍ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻዋን ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አላት፤ ሠልጣኟ የምታውቀው አንዱን ነው። የስልኩ ኪቦርድ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ትልቅ ያደርገዋል፤ የይለፍ ቃሉ ግን ትንሽ ፊደል ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ ትሞክራለች፣ ቀይ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ ስልኩን ታስቀምጣለች። በመጠይቁ ላይ ይህች ልጅ «ፍላጎት የላትም» ትባል ነበር። ሰብሳቢው የቆመችበትን ገጽና የተጫነችውን ቃል በቃል ይጻፍ፤ ሙከራው ካለቀ በኋላም ያግዛትና አስገብቷት ይሂድ። ያልጨረሰውን ሰው እንዲሁ ጥሎ መሄድ ልክ አይደለም።

ማቴሪያሉን መፈተሽ

ከእያንዳንዱ ሞጁል 10 ፋይል በዕጣ አውጥተው በሚከተሉት ነገሮች ይመዝኑ።

ክብደት፦ በሰከንድ 500 ኪሎቢት የሆነ የ5 ደቂቃ ቪዲዮ ወደ 19 ሜጋባይት ይሆናል፤ በ64 ኪሎቢት ድምፅ ብቻ ቢሆን 2.4 ሜጋባይት ነው። የሞጁሉን ፋይሎች ደምረው በዕለቱ የጥቅል ዋጋ ወደ ብር ይቀይሩት፤ ኃላፊዎች ከሜጋባይት ይልቅ ብሩን ይረዱታል።

ለስክሪን አንባቢ (ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነብ ፕሮግራም) መሆኑ፦ በስልክ በቶክባክ፣ በኮምፒውተር በኤንቪዲኤ ይክፈቱት፤ ሁለቱም ስክሪን አንባቢዎች ናቸው። ስካን የተደረገ ቲቲኤልኤም (የሥልጠና ማስተማሪያ ጽሑፍ) ለዓይነ ስውር ሠልጣኝ ባዶ ወረቀት ነው። ሌላው ብዙም የማይታሰበው ችግር ፎንት ነው። ዩኒኮድ (ሁሉም መሣሪያ የሚያነበው የፊደላት ሥርዓት) ባልሆኑ የድሮ ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን የላቲን ፊደል ስለሆነ አንባቢው ትርጉም የሌለው ነገር ያነበንባል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ አንድ መስመር ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉ። የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ከመጣ ፎንቱ የድሮ ነው፤ ሰነዱ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ቪዲዮ ላይ ንግግሩን የሚከተል የአማርኛ ጽሑፍ ወይም የምልክት ቋንቋ አለ ወይ? «ይሄን እዚህ ጋ ታስሩታላችሁ» የሚል ድምፅ፣ የትኛውን ብሎን የት እንደሚያስሩ ካልተናገረ ለማያይ አይጠቅምም፤ ያለ ጽሑፍ ደግሞ ለማይሰማ።

ላቡን በአካል ይለኩ። በኪራይ ሕንፃ ላይ ባሉ ኮሌጆች ላቡ ፎቅ ላይ ሊሆን ይችላል። ሊፍት አለ? ይሠራል? በሩ ተከፍቶ 80 ሳንቲሜትር ንጹሕ ስፋት አለው? መወጣጫው ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት አለው? በስንት ሰዓት ይዘጋል? ለማታ ሠልጣኝ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት የሚዘጋ ላብ የሌለ ያህል ነው።

ሎጉ

በመጀመሪያው ቀን ለአድሚኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ሎግ ለስንት ቀን ይቀመጣል?» ሙድል አሮጌ ሎግ በራሱ እንዲያጠፋ ሊደረግ ይችላል፤ ከወር በኋላ ቢመጡ የሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይኖር ይችላል። ፋይሉን በኤክሴል በቀጥታ ከከፈቱት የአማርኛ ስሞች ይበላሻሉ፤ በዳታ ማስገቢያው በኩል ዩቲኤፍ-8 መርጠው ያስገቡት። ሰዓቱ በየትኛው ዞን እንደሆነ ያረጋግጡ። በግሪንዊች ከሆነ 3 ሰዓት ይደምሩ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 6 ይቀንሱ፤ 17:00 የሚለው በአዲስ አበባ 20:00፣ ማለትም ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው (ውጤቱ ከ12 ካለፈ 12 ይቀነሳል)። ይህን የዘለለ ሰው «ሠልጣኞች የሚያጠኑት በሥራ ሰዓት ነው» የሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ይጽፋል።

ሠላሳ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከገባ አሠልጣኙ በላብ ክፍለ ጊዜ አስገብቷቸዋል፤ ይህ በራስ ፍላጎት ከተደረገ መግባት ተለይቶ ይቆጠር።

ትንተና

አምስቱን በሮች በጾታ፣ በመርሐ ግብር፣ በስልክ ባለቤትነት እና በአካል ጉዳት ይከፋፍሏቸው። ለማሳያ በተፈጠረ ቁጥር እንየው። ከ300 ሠልጣኝ 120ዎቹ ሴቶች ናቸው። ከሴቶቹ 108 የይለፍ ቃል ደረሳቸው፣ 54 አንዴ ገቡ፣ 32 ተመለሱ፣ 26 ጨረሱ። ከ180 ወንዶች 162 ደረሳቸው፣ 126 ገቡ፣ 49 ተመለሱ፣ 34 ጨረሱ። የመጨረሻውን ብቻ ያየ ሰው ከሴቶቹ 22 በመቶ፣ ከወንዶቹ 19 በመቶ ጨርሰዋል፣ የጾታ ክፍተት የለም ይላል። በር በበር ሲታይ ግን የይለፍ ቃል ከደረሳቸው ሴቶች የገቡት 50 በመቶ፣ ከወንዶቹ 78 በመቶ ናቸው፤ ከገቡት ውስጥ የተመለሱት ደግሞ ከሴቶቹ 59፣ ከወንዶቹ 39 በመቶ። የሴቶቹ እንቅፋት መግቢያው ላይ ነው፤ አንዴ ከገቡ ይጸናሉ። የወንዶቹ ችግር መመለስ ነው። መፍትሔውም ይለያያል፦ ለሴቶቹ የስልክና የይለፍ ቃል እርዳታ፣ ለወንዶቹ ደግሞ የማቴሪያሉ ይዘት።

ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (የ«ጨረሰ/አልጨረሰ» ዓይነት ውጤትን ከምክንያቶቹ ጋር የሚያገናኝ ስሌት) ከሠሩ ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ቢያንስ 10 ክስተት (እዚህ 10 የጨረሰ ሰው) ያስፈልጋል የሚለውን ልማድ ይጠብቁ። 60 ሰው ብቻ ከጨረሰ ከ6 ተለዋዋጭ በላይ አያስገቡ።

ከአሠልጣኞች ከ8 እስከ 12 ሰው ማነጋገር ይበቃል። ዋናው ጥያቄ ፋይል የሚያዘጋጁበት ሰዓት ከማሠልጠኛ ሰዓታቸው ጋር ይታሰብላቸው እንደሆነ ነው።

ሪፖርቱ

ከ30 ሰው በታች ላለው ቡድን መቶኛ አይጻፍ፤ ቁጥሩ ይጻፍ። ከ5 በታች የሆነ ሳጥን በሰንጠረዥ አይውጣ። በልብስ ስፌት ዲፓርትመንት ያለችው አንዲት ዓይነ ስውር ሠልጣኝ ስሟ ባይጠቀስም ግቢው በሙሉ ያውቃታል።

ለዲኑ ከሙሉው ጽሑፍ ቀድሞ ሁለት ገጽ በአማርኛ ይስጡ፦ አንዱ ገጽ የአምስቱ በሮች ሰንጠረዥ፣ ሌላው በዚህ ሳምንት ያለ በጀት ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች። የመግቢያውን ገጽ ወደ አማርኛ መቀየር፣ መለያ ስሙን ከስም ወደ መታወቂያ ቁጥር ማዞር፣ ስካን የሆኑትን 10 ፋይሎች በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ፣ ላቡን በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ማድረግ። ለተሳተፉት ሠልጣኞችም ያንኑ ሁለት ገጽ በድምፅ ቀድተው በአጭር ፋይል ያድርሷቸው፤ የስልክ ቁጥሮቻቸው ዝርዝር ደግሞ በስምምነት ቅጹ ላይ በተጻፈው ቀን ከኮምፒውተሩም ከሰብሳቢዎቹ ስልክም ይጥፋ።